የአርሊንግተን ሃይትሱ መስክና የዶክተር ግራንት ችካል

ጎልፍ የሚጫወት ሰው ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አትጠፋም። ርዝመቷ ከጣት አይበልጥም። ከላይ ኳስ የምታስቀምጥ፣ ከታች ሹል የሆነች ችካል ናት፤ በጨዋታው ቋንቋ «ቲ» ትባላለች። ተጫዋቹ መሬት ላይ ይተክላታል፤ ኳሱን ያስቀምጥባታል፤ ይመታል። ከተሰበረች እዚያው ጥሏት ይሄዳል። እንዲህ በቀላሉ የምትጣለው ችካል ግን የራሷ ታሪክ አላት። ታሪኩን ተከትሎ ወደ ኋላ የሚጓዝ ሰው የሚደርሰው ከታላላቆቹ የጎልፍ ክለቦች ደጃፍ ሳይሆን አንድ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ከቤቱ አጠገብ ካበጀው መስክ ላይ ነው።

መስኩ የነበረው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው አርሊንግተን ሃይትስ በተባለ ኮረብታማ ሰፈር ነው። ዛሬ ሰፈሩ ቤት በቤት ሆኗል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ግን የእርሻ ማሳና የግጦሽ መሬት ያልራቀው፣ የከተማ ሰው ነፋሻ አየር ፍለጋ የሚወጣበት ቦታ ነበር። ዶክተር ጆርጅ ፍራንክሊን ግራንት ከቤቱ አጠገብ ያለውን መስክ የጎልፍ መጫወቻ ያደረገው በዚያን ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜዳው የአንድ ሰው የግል ሜዳ ነበር። የተጫወቱበትም ባለቤቱና ወዳጆቹ ናቸው። ዕድሜውም አጭር ነበር።

የገና ጨዋታን ለሚያውቅ አንባቢ ጎልፍ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በገና ሩር በቆልማማ ዱላ ይመታል፤ በጎልፍም ትንሽ ጠንካራ ኳስ ጫፉ በታጠፈ መምቻ ይመታል። ልዩነቱ፣ ገና ሁለት ወገን ሆነው የሚሻሙበት የግርግር ጨዋታ ሲሆን፣ በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ እየመታ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት፣ ከሩቅ ወዳለች ትንሽ ጉድጓድ ለማስገባት ይጣጣራል። ሌላም ልዩነት አለ። በገና ዕለት ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ እንኳ እንዳይቆጣ ልማድ ያዝዘዋል። ከስኮትላንድ ተነሥቶ አሜሪካ የገባው ጎልፍ ግን ጌታና ሎሌን ይበልጥ እየለየ ነው ያደገው፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው የመምቻዎቹን ከረጢት ተሸክሞ ይከተላል።

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። በአሜሪካ ለጨዋታው መስፋፋት መነሻ ተደርገው ከሚቆጠሩት ሜዳዎች አንዱ በ1888 በኒው ዮርክ አጠገብ በዮንከርስ የተጀመረው ነው። ጆን ሪድ የተባለው ስኮትላንዳዊ ከጓደኞቹ ጋር ላሞች በሚግጡበት መስክ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ወደ አንድ ሥጋ ነጋዴ መሬት፣ በ1892 ከተማዋ በሜዳቸው መሐል ጎዳና ስታወጣባቸው ደግሞ ወደ ፖም አትክልት ቦታ ተዛወሩ። ያን ጊዜ ጎልፍ ለመጫወት የሚያስፈልገው መሬት፣ ዱላና ትርፍ ጊዜ ብቻ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ባለጸጎች ያዙት። በ1894 ማብቂያ አምስት ክለቦች ተሰብስበው የአሜሪካን የጎልፍ ማኅበር ሲመሠርቱ ጨዋታው የአጥር፣ የመዋጮና የአባልነት ጨዋታ ሆኖ ነበር። ጥቁር ሰው በእነዚህ ክለቦች ውስጥ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከረጢት ተሸካሚ፣ ምግብ አብሳይ ወይም አስተናጋጅ ሆኖ ነው።

ግራንት በ1846 ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባለችው በኦስዊጎ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ባሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኦስዊጎ ከደቡብ የሚያመልጡ ባሮች ወደ ካናዳ የሚሻገሩባት ከተማ ነበረች። ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ከመላላክ ወደ ቤተ ሙከራ ረዳትነት አለፈና እጁን በሙያው አፍታታ። ሐኪሙም ትምህርቱን እንዲቀጥል አበረታታው።

የሃርቫርድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1867 ሲከፈት በአገሪቱ ከአንድ ዩኒቨርሲቲና ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር የተቆራኘ የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ሮበርት ታነር ፍሪማን የተባለው ጥቁር ተማሪ በ1869 ተመረቀ። ግራንት በሚቀጥለው ዓመት ተከተለውና ሁለተኛው ሆነ። በ1871 እዚያው በተማረበት ቤት ለማስተማር ሲመደብ በሃርቫርድ ያስተማረ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ለመሆን በቃ። አገሪቱ ባርነትን በሕግ ካስቀረች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

የሙያ ስሙን ያተረፈለት ግን መምህርነቱ ብቻ አይደለም። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ምግብ በአፍንጫቸው ይወጣል፣ ሲያድጉም ንግግራቸው አይሰማም። ግራንት ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን ስንጥቁን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ላንቃ ይሠራ ነበር። ዕቃው ለእያንዳንዱ አፍ ተለክቶ የሚበጅ በመሆኑ፣ የሚሊ ሜትር ስሕተት ሕመምተኛውን ያሠቃየዋል። እስከ 1889 ድረስ አንድ መቶ አሥራ አምስት ያህል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን እንዳከመ ተጽፏል። ጎማና እንጨትን አገጣጥሞ፣ ለስልሶ ግን ጸንቶ የሚቆም ትንሽ ነገር መሥራትን ከየት ተማረው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እዚህ ያለ ይመስላል።

በአርሊንግተን ሃይትሱ መስክ ከእርሱ ጋር ከሚጫወቱት ወዳጆቹ መካከል ሁለቱ በጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ውስጥ የታወቁ ናቸው። አርቺባልድ ግሪምኬ በ1849 በደቡብ ካሮላይና በባርነት ተወለደ። አባቱ የእናቱ ጌታ ነበር። ነጻ ከወጣ በኋላ በሃርቫርድ ሕግ አጥንቶ በ1874 ተመረቀ፤ ከ1894 እስከ 1898 በሳንቶ ዶሚንጎ የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ አገለገለ። ሁለተኛው በትለር ዊልሰን የጆርጂያ ተወላጅ፣ የቦስተን ጠበቃ ነው። በ1912 የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ሳያውቅ ጥቁሮችን አባል አድርጌ ተቀበልሁ ብሎ ሲታወክ፣ የክርክሩ መነሻ ከሆኑት ሦስት ጠበቆች አንዱ እርሱ ነበር። ሁለቱም ኋላ የጥቁሮችን መብት ለማስከበር በ1909 በተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር ውስጥ፣ ዊልሰን በቦስተን፣ ግሪምኬ በዋሽንግተን፣ ቅርንጫፍ መሪዎች ሆነዋል።

እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን አውልቀው ከኳስ ኋላ ሲሄዱ ማሰብ ደስ ይላል። የዘመኑ ሥዕሎች የሚያሳዩን ጥቁር ሰው ወይ ሲሠቃይ፣ ወይ ሲታገል፣ ወይ ሲያገለግል ነው። ሲጫወት የሚያሳዩን ጥቂት ናቸው።

ዓመታቱ ከባድ ነበሩ። ለኢትዮጵያውያን 1896 የዓድዋ ዓመት ነው። ያው ዓመት በአሜሪካ ሌላ ነገር አይቷል። ዓድዋ በሆነ በሦስተኛው ወር፣ በግንቦት፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ፕሌሲ በፈርጉሰን ላይ» በተባለው ክርክር ጥቁሮችን በባቡር ፉርጎ መለየት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ፈረደ። ውሳኔው የዘር መለያየትን ለግማሽ ምእት ዓመት ሕጋዊ ልብስ አለበሰው። ከዚያ ሁለት ወር አልፎ በሐምሌ፣ ሁለተኛው የአሜሪካ ሻምፒዮና በሎንግ አይላንድ፣ በሺነኮክ ሂልስ ክለብ ተካሄደ። ከተመዘገቡት መካከል ጆን ሺፐን የተባለ ጥቁር ወጣትና ኦስካር በን የተባለ የሺነኮክ ጎሣ ተወላጅ ነበሩ፤ ሁለቱም ጨዋታውን የተማሩት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡት ባለሙያ ተጫዋቾች ከእነዚህ ጋር አንሰለፍም ብለው አደሙ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር ግን ሁለቱ ብቻ ቢቀሩም ውድድሩ ይካሄዳል ሲል ቁርጡን ነገራቸው። አድመኞቹም ተመልሰው ገቡ። ሺፐን በመጀመሪያው ዙር ከመሪዎቹ ተርታ ነበር። በሁለተኛው ዙር በአሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ኳሱ አሸዋማ መንገድ ላይ ወድቃበት አሥራ አንድ ምት ፈጀና ከአሸናፊው በሰባት ምት ዘግይቶ ጨረሰ። ሃቭማየር በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር በበኩሉ ኋላ በመተዳደሪያው ውስጥ «ለነጮች ብቻ» የሚል አንቀጽ አስገብቶ እስከ 1961 ድረስ ሳያነሣው ቆይቷል።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ግራንት ሜዳውን ያበጀው ሌላ ቦታ ተከልክሎ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ጉዳዩ ግን እንዲያ ቀጥ ያለ አይደለም። ቦስተን ውስጥ በፍራንክሊን ፓርክ በ1896 ለሕዝብ ክፍት የሆነ የጎልፍ ሜዳ ተከፍቶ ነበር። ይልቁን ልብ ሊባል የሚገባው፣ በግል መስኩ ላይ ግራንት ባለቤት መሆኑ ነው። እዚያ ማንም ፈቃድ አይሰጠውም፤ ማንም አይታዘበውም። ያላመረውን ነገር ለመቀየርም ማንንም አያስፈቅድም። ያላመረው ነገር ደግሞ አንድ ነበር፤ አሸዋው።

በጎልፍ የእያንዳንዱ ጉድጓድ የመጀመሪያ ምት ረጅም ስለሆነ ኳሱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይፈቀዳል። በ1744 በስኮትላንድ በሊዝ የተጻፈው የመጀመሪያው የጎልፍ ደንብ አንደኛ አንቀጹ ስለዚሁ ነው፤ ተጫዋቹ ኳሱን ካለፈው ጉድጓድ አንድ የመምቻ ርዝመት በማይርቅ ቦታ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ማስቀመጫው አንድ ጭብጥ አሸዋ ነው። በመጀመሪያ ዘመን አሸዋው ከጉድጓዱ ከራሱ ይዘገን ነበርና ጉድጓዱ በየጊዜው እየጠለቀ ይሄድ ነበር። ኋላ በየመነሻው የአሸዋ ሣጥንና ውሃ ይቀመጥ ጀመር። ተጫዋቹ ወይም ከረጢት ተሸካሚው አሸዋውን በውሃ ያረጥባል፣ በጣቶቹ ቆንጥሮ የጉልላት ቅርጽ ያስይዘዋል፣ ኳሱን በጥንቃቄ ይጭንበታል። ውሃው ከበዛ ይናዳል፤ ካነሰ ይበተናል። በክረምት እጅ ይሰነጥቃል። ከዚያ ያ ጭቃ ያለበት እጅ መምቻውን ይይዛል። በአንድ ጨዋታ ይህ አሥራ ስምንት ጊዜ ይደገማል። ሀብታሞቹ እምብዛም አልተቸገሩም፤ አሸዋውን የሚቆነጥርላቸው ሌላ ሰው ነበር። ምናልባትም ጨዋታው መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አድካሚ ልማድ የቆየው እጁ የሚቆሽሸው ሰውና የሚመታው ሰው አንድ ስላልነበሩ ይሆናል። በአርሊንግተን ሃይትስ ግን የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ፍራንሲስ ነበረች ከረጢት ተሸካሚዋ። ቀን ሙሉ በሰው አፍ ውስጥ ጣቱን የሚያስገባ፣ ለእጁ ንጽሕና የሚጨነቅ ሐኪም በአሸዋው ቢሰለች አያስደንቅም።

የሠራው ነገር ቀላል ነበር። ታችዋ እየቀጠነ የሚሄድ ትንሽ የእንጨት ችካል ቀረጸ። በአናቷ ላይ የጎማ ቱቦ አጠለቀባት። ኳሱ በቱቦው አፍ ላይ ይቀመጣል። መምቻው ኳሱን ሲመታ ጎማው ተለጥጦ ይተኛል እንጂ መምቻውን አያደናቅፍም፤ ከምቱ በኋላ ተመልሶ ይቆማል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1899 የአሜሪካ መንግሥት ቁጥሩ 638,920 የሆነ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ሰጠው። በማመልከቻው የገለጸው ዓላማ የተለመደውን የአሸዋ ክምር የሚያስቀር ቀላል፣ ርካሽና አስተማማኝ ማስቀመጫ ማቅረብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ግራንት በዓለም ላይ የመጀመሪያውን ቲ የፈጠረ ሰው ነው ተብሎ በብዙ ቦታ ይጻፋል። ይህ ትክክል አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ በ1889 ብሎክሰምና ዳግላስ የተባሉ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ የሚቀመጥ ማስቀመጫ አስመዝግበዋል። በ1892 ደግሞ ፐርሲ ኤሊስ «ፐርፌክተም» ያለውን፣ መሬት ውስጥ የሚሰካ ሹል ያለውን አወጣ። የግራንት ድርሻ ከእንጨት የተሠራ፣ መሬት ውስጥ የሚተከል ችካልን በአሜሪካ ማስመዝገቡ ነው፤ ዛሬ በየሜዳው የምትታየውም በአካሏ የዚያችው ዘመድ ናት። የተነፈገውን ክብር ለመመለስ ሲባል ያልሠራውን መጨመር ውለታ አይሆንለትም። የሠራው ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ወይም ያልሆነው፣ ነው ታሪኩን ግራ የሚያጋባው። ግራንት ችካሎቹን በአካባቢው ባለ አነስተኛ የሥራ ቤት አሠራ። ለወዳጆቹና አብረውት ለሚጫወቱ ሰዎች አደላቸው። ለገበያ ግን አላቀረባቸውም። በዚያው በ1899፣ በሚያዝያ፣ ኮበርን ሃስኬል የተባለ የክሊቭላንድ ነጋዴ ከአንድ የጎማ ፋብሪካ ሰው ጋር ሆኖ ከጎማ ክር የተጠቀለለ አዲስ ኳስ አስመዝግቦ ነበር። የሃስኬል ኳስ በሦስት ዓመት ውስጥ አትላንቲክን ተሻግሮ የብሪታንያን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ጉታ ፔርቻ ከተባለው የዛፍ ሙጫ የሚሠራውንም አሮጌ ኳስ ከሜዳ አስወጣው። በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገቡ ሁለት ፈጠራዎች፤ አንዱ ከፋብሪካና ከገንዘብ ጋር ተወለደ፣ ሁለተኛው ከመስክ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ሥራውና ገቢው የተደላደለ ሐኪም ንግድ ውስጥ መግባት አልፈለገ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር ሰው በየነጮቹ ክለብ ዞሮ የእንጨት ችካል ልሽጥ ቢል ምን ዓይነት አቀባበል እንደሚጠብቀውም መገመት አያስቸግርም። ሁለቱም ምክንያቶች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

በ1910 ግራንት በኒው ሃምፕሸር ግዛት በቼስተር በነበረው የዕረፍት ቤቱ በጉበት በሽታ ሞተ። ስልሳ አራት ዓመቱ ገደማ ነበር። ከእርሱ በኋላ አርሊንግተን ሃይትስን ከተማው ቀስ በቀስ ዋጠው። ጎልፈኞችም በየሜዳው አሸዋ መቆንጠራቸውን ቀጠሉ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በሜፕልዉድ፣ ዊልያም ሎዌል የተባለ ሰው እጁ በአሸዋው እየተሰነጠቀ አስቸገረው። እርሱም የጥርስ ሐኪም ነበር! ከባንዲራ ዘንግ እንጨት ችካል ጠረበ ይባላል። ከዚያ ቀይ ቀለም ቀባና «ሬዲ ቲ» የሚል ስም ሰጣት። እንደ ግራንት ሳይሆን ሎዌል ለመሸጥ ቆርጦ ተነሣ። በ1922 የዘመኑን ታላቅ ተጫዋች ዋልተር ሄገንንና ጓደኛው ጆ ከርክዉድን በ1,500 ዶላር ተዋውሎ በየከተማው በሚያደርጉት ትርዒት በችካሉ እንዲጠቀሙ አደረገ። ሄገን ከመታ በኋላ ችካሏን ጥሎ ሲያልፍ ሕጻናት እየተሻሙ ያነሡ ነበር። ገበያው ፈነዳ። ሎዌል የፈጠራ ማረጋገጫውን እስኪያገኝ ድረስ አስመሳዮች ሜዳውን ሞልተውት ነበርና ያተረፈውን ገንዘብ በክስ ጨረሰው። በእንጨት ችካል የተጀመረው ንግድ ዓለምን ሲያዳርስ ከሁለቱ የጥርስ ሐኪሞች አንዱም አልከበረበትም። ስሙ ግን ለሎዌል ቀረ። ለሰባ ዓመት ያህል የጎልፍ መጻሕፍት ቲን የፈጠረው ዶክተር ሎዌል ነው ሲሉ ጻፉ።

የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ለግራንት ፈጠራ ዕውቅና የሰጠው በ1991 ነው። ማረጋገጫው ከተሰጠ ዘጠና ሁለት ዓመት፣ ሰውየው ከሞተ ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰነዱ በዚህ ሁሉ ዘመን ተደብቆ አልነበረም። ከነቁጥሩና ከነሥዕሉ በመንግሥት መዝገብ ቤት፣ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው።

ከረጢት ትሸከም የነበረችው ፍራንሲስ አድጋ መምህርት ሆነች፤ ብዙ ዓመትም አስተማረች። ግሪምኬ በ1930፣ ዊልሰን በ1939 ሞቱ። አብረው የረገጡት መስክ ላይ ቤቶች ቆመዋል፤ ጉድጓዶቹ የነበሩበትን ቦታ የሚያመለክት ሰውም የለም። ከመስኩ የተረፈችው ያቺው በየኪሱ የምትያዝ፣ ከምቱ በኋላ ሣር ውስጥ የምትወድቅ ችካል ናት።